የቤት እንሽላሊትን ከሙቀት ጉዳት መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንሽላሊት የሚያሳድግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ብርድ ነው። አምፖሉ ይበቃታል? ማታ ይበርዳት ይሆን? ብርድ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳት። ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ከልክ ያለፈ ሙቀት ጊዜ አይሰጥም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

ይህን የጻፍኩት በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ቤተሰቦች ነው። ልጁ የቤት እንስሳ ብሎ ይለምናል። አፓርታማው ውሻ አይፈቅድም። በመጨረሻ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የምትኖር እንሽላሊት ቤት ትገባለች። መመሪያው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ግን ከእሷ ጋር ቤት የሚቀሩት እናት ወይም አያት ናቸው። አንድ ነገር ብትሆን መጀመሪያ የሚያዩትም እነሱ ናቸው።

አገር ቤት እንሽላሊት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትውላለች፤ ምንም አትሆንም። የኛዋን ሙቀት ለምን ይጎዳታል?

ቀኑን ሙሉ አትውልም። አገር ቤት ስትሄዱ ደህና አድርጋችሁ እዩዋት። ጠዋት የግንቡ አጥር ላይ ለጥ ብላ ትሞቃለች። ፀሐይዋ ስትበረታ ድንጋዩ መሀል ያለው ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፣ ወይም ወደ ጥላው ወገን ትዞራለች። ቀዝቀዝ ሲል ተመልሳ ትወጣለች።

እንሽላሊት አያልባትም። የሰውነቷን ሙቀት የሚወስነው ያለችበት ቦታ ነው። ሲበርዳት ወደ ሙቀት፣ ሲሞቃት ወደ ጥላ መሄድ ነው ዋናው ዘዴዋ። የአረብ በረሃ ውስጥ የሚኖረው ጅራተ እሾሃም እንሽላሊት፣ አረቦቹ ዱብ የሚሉት፣ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የደረሰ ድንጋይ ላይ ይሞቃል። እሱም ቢሆን ጥልቅ ጉድጓድ አለው። ሲበቃው ይገባል።

የሳጥን እንሽላሊት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ትወዳለች፣ ያስፈልጋታልም። የሚገድላት መሸሻ ስታጣ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ መሸሻ እንዳታጣ ለማድረግ ነው።

ለእሷ ስንት ዲግሪ ነው ትክክለኛው?

እንደ ዘሯ ይለያያል። የአንዷን ቁጥር ለሌላዋ መውሰድ አደገኛ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ዘሯን እወቁ።

ቢርድድ ድራጎን የአውስትራሊያ መሀል ደረቅ ምድር ፍጥረት ናት። የምትሞቅበት ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ (ከ100 እስከ 108 ፋራናይት) ይስማማታል። የሳጥኑ ሌላኛው ጫፍ ግን ከ24 እስከ 29 (ከ75 እስከ 84 ፋራናይት) መሆን አለበት። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ መራራቅ አለ። በሕይወት የሚያኖራት እሱ ልዩነት ነው።

ሌፐርድ ጌኮ ከፓኪስታን፣ ከአፍጋኒስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ የመጣች ናት። ቀን ድንጋይ ሥር ተደብቃ ትውላለች፣ ሲመሽ ትወጣለች። የሞቃቱ መደበቂያዋ ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ (ከ88 እስከ 91 ፋራናይት) ይበቃታል። ቀዝቃዛው ወገን ከ22 እስከ 25 (ከ72 እስከ 77 ፋራናይት) ይሁን።

ክሬስትድ ጌኮ ከሁሉም ለየት ትላለች። የኒው ካሌዶኒያ ደን ውስጥ ነው የምትኖረው። ጠፍታለች ተብሎ ይታመን ነበር፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው እንደገና የተገኘችው። እሷ የምትፈልገው ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ደስ የሚለን ዓይነት አየር ማለት ነው። 28 (82 ፋራናይት) ሲያልፍ ትጨነቃለች። 30 ላይ ለሰዓታት ከቆየች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ቤታችሁ ኤሲ ከሌለውና በሰመር የሚግል ከሆነ፣ የእኔ ምክር ይህችን ዘር አትግዙ ነው።

እስስት የምታሳድጉም ትኖራላችሁ። ገበያ ላይ የምትገኘው የየመንና የሳዑዲዋ ቬይልድ ካሜሊዮን ናት። አምፖሉ ሥር ከ29 እስከ 32 ዲግሪ (ከ84 እስከ 90 ፋራናይት) ይበቃታል። አየር የሚያስገባ የወንፊት ሳጥን ከመስታወት ይሻላታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ገና ልጅ የሆነች እንሽላሊት ትንሽ ስለሆነች ከትልቋ ፈጥና ትሞቃለች። ትልቋ የምትችለውን ያህል ጊዜ አትቋቋምም።

ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቴርሞሜትር አይበቃም?

አይበቃም። ክቧን፣ መስታወት ላይ የምትለጠፈዋን ከሆነ የምትሉት፣ አትመኗት። የምትለካው መስታወቱ ዳር ያለውን ሙቀት ነው። እንሽላሊቷ የምትተኛው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ነው። መስታወቱ ዳር 30 ሲል ድንጋዩ 50 ሊሆን ይችላል።

ሁለት መለኪያ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ጫፉ ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። ቢቻል ሁለት ግዙ፣ አንዱን በሞቃቱ ሌላውን በቀዝቃዛው ወገን አድርጉ። ሁለተኛው ተደቅኖ በርቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ መለኪያ ነው፤ የድንጋዩን ላይኛ ክፍል የሚነግራችሁ እሱ ነው። በኮቪድ ጊዜ የገዛችሁት የግንባር ትኩሳት መለኪያ ግን ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ለሰው ሰውነት ሙቀት ነው።

ስትለኩ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በጣም በሚሞቅበት ሰዓት ለኩ። ጠዋት የለካችሁት ቁጥር ያሞኛችኋል። ደግሞም ድንጋዩን ብቻ አትለኩ። እንሽላሊቷ ድንጋዩ ላይ ስትወጣ ጀርባዋ ከድንጋዩ ይልቅ ለአምፖሉ ቅርብ ነው። ጀርባዋ በሚደርስበት ከፍታ ላይም የዲጂታሉን ሽቦ ጫፍ ይዛችሁ እዩ።

አፏን ከፍታ ትቀመጣለች። በሙቀት ተመታች ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ቢርድድ ድራጎን አምፖሉ ሥር ስትሞቅ አፏን ከፈት አድርጋ ትርፍ ሙቀት ታስወጣለች። ተረጋግታ ከተቀመጠች፣ ዓይኗ ንቁ ከሆነ፣ ከዚያም ራሷ ተነስታ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ከሄደች ደህና ናት። ሙቀቱ በቅቷታል ማለት ነው።

የሚያሳስበው ወደ ቀዝቃዛው ወገን ከሄደች በኋላም አፏ ካልተከደነ ነው። ያን ጊዜ ቀዝቃዛ የሚባለው ወገን ቀዝቃዛ አይደለም። ሌፐርድ ጌኮ፣ ክሬስትድ ጌኮ ወይም እስስት አፏን ከፍታ ስታለከልክ ካያችሁ ግን ሌላ ምልክት አትጠብቁ፤ ወዲያው ሙቀቱን ቀንሱ። ሙቀቱ ትክክል ሆኖ ማለክለኳ ከቀጠለ ደግሞ የሳንባ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት።

ሌሎች ምልክቶችስ?

መጀመሪያ ትረበሻለች። መስታወቱን ትቧጥጣለች፣ እግሬ አውጭኝ ብላ ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች። ይህን ያየ ልጅ «ዛሬ ተጫውታለች» ይላል። እየተጫወተች አይደለም፣ መውጫ እየፈለገች ነው። የሳጥኑ ጥግ ወይም የውሃ ሳህኗ ውስጥ ሆዷን ለጥፋ መተኛትም ሌላ ምልክት ነው። ቢርድድ ድራጎንና እስስት ቀለማቸው ይገረጣል።

ቀጥሎ ትደክማለች። ስትነካ አትሸሽም። ስትራመድ ትንገዳገዳለች። ምራቋ ይዝረበረባል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ራሷን ትስታለች። መረበሹ አልፎ ዝም ስትል «ተረጋጋች» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ያ ዝምታ ከሩጫው የባሰ ነው።

በሙቀት ተመትታ ባገኛት መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከሙቀቱ አውጧት። አምፖሉን፣ ሶኬቱን በኋላ ታጠፋላችሁ። ቀዝቀዝ ወዳለ ክፍል፣ ለምሳሌ መታጠቢያ ቤት ወይም ቤዝመንት ውሰዷት።

ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ አቀዝቅዟት። ቁልፉ ቃል ቀስ የሚለው ነው። በረዶ የለም፣ ከፍሪጅ የወጣ ውሃም የለም። ድንገተኛ ቅዝቃዜ የቆዳዋን ደም ሥሮች ስለሚያጠብ ውስጧ ያለው ሙቀት እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የተዳከመ ሰውነቷንም ያስደነግጠዋል። እጃችሁን ስታስገቡበት ትኩስም ቀዝቃዛም የማይል ለብ ያለ ውሃ ሰፋ ባለ ሳህን ውስጥ ጨምሩ። ጥልቀቱ ከትከሻዋ አይለፍ። አገጯን በጣታችሁ ደግፉ፤ ራሷን መያዝ ካቃታት በትንሽ ውሃም ልትሰጥም ትችላለች። ሳህን ካልተገኘ በዚሁ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ሆዷና እግሮቿ ላይ አድርጉ፣ ጨርቁ ሲሞቅ ቀይሩ። ጀርባዋ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግም ይረዳል።

ውሃ በግድ አፏ ውስጥ አትጨምሩ። የደከመች እንሽላሊት ውሃው ወደ ሳንባዋ ይገባባታል። ራሷ ልሳ ከጠጣች ጥሩ ነው።

ይህን እያደረጋችሁ ሌላ ሰው ሐኪም ጋ ይደውል። ነቃ ካለችና መተንፈሷ ከተስተካከለ ውሃ ውስጥ አታቆዩአት፤ አድርቃችሁ በቤቱ አየር አቆዩአት። ከልክ በላይ ማቀዝቀዝም ጉዳት ነው።

አንድ ማስታወሻ ላክል። ሳህኑ የምትበሉበት አይሁን፣ ቦታውም የወጥ ቤት ማጠቢያ አይሁን። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆቹንም አስታጥቡ።

ነቅታ መሄድ ጀመረች። አሁንም ሐኪም ጋ ልውሰዳት?

አዎ። ከፍተኛ ሙቀት ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ደግሞ በማግስቱ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። ዛሬ የተራመደች እንሽላሊት ነገ መብላት ልታቆም ትችላለች። ፈሳሽ በመርፌ ያስፈልጋት እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

ቴርሞስታት የግድ ያስፈልጋል? ዋጋው ተወዷል።

የግድ ነው። ቴርሞስታት ሙቀቱ የተወሰነለት ልክ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚቀንስ ወይም የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ ጌጡን ተዉት፣ የላስቲክ ተክሉን ተዉት፣ ቴርሞስታቱን ግዙ። ያለ ቴርሞስታት የተሰካ ማሞቂያ ማቆሚያ የለውም። በጥር፣ ቤቱ 20 ዲግሪ እያለ፣ ድንጋዩን 40 የሚያደርስ አምፖል መርጣችሁ ገዛችሁ እንበል። ሐምሌ ላይ ቤቱ 30 ሲሆን ያው አምፖል ድንጋዩን 50 ሊያደርሰው ይችላል። አምፖሉ አልተበላሸም፤ ከታች የተነሳበት ቁጥር ነው የተለወጠው።

ለአምፖል ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ዓይነት ምረጡ። ከሳጥኑ ሥር ለሚነጠፈው ምንጣፍ ማሞቂያ አብርቶ የሚያጠፋው ይበቃል።

ሁለት ነገር አትርሱ። የቴርሞስታቱ ሽቦ ጫፍ ከቦታው እንዳይነቃነቅ አጥብቃችሁ እሰሩት። እንሽላሊቷ ጎትታ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ብትጥለው፣ ወይም የኤሲው ንፋስ በቀጥታ ቢመታው፣ መሣሪያው «ገና ነው» ብሎ ማሞቁን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ቴርሞስታት ማሞቂያን ያጠፋል እንጂ አያቀዘቅዝም። ክፍሉ ራሱ 35 ከሆነ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም።

ሳጥኑን መስኮት አጠገብ ባደርገው የተፈጥሮ ፀሐይ አታገኝም?

አታገኝም። ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን ዩቪቢ ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። ሙቀቱ ግን ያልፋል። ጥቅሙ ውጭ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ይገባል ማለት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት የመስታወት ሳጥን ውስጡ እንደ ግሪንሃውስ ይግላል፣ ቀዝቃዛ የነበረው ወገንም ይጠፋል። የጠዋቷ ፀሐይ የማትደርስበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ሊደረስበት ስለሚችል፣ ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ቀኑን ሙሉ ፀሐይዋ የት የት እንደምታርፍ ተከታተሉ።

ውጭ ልታወጧት ከፈለጋችሁ በወንፊት ቤት፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ ይሁን። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ሳጥን ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አታውጧት።

ሰውም የሚያቃጥል ሙቀት ሲመጣ፣ ወይም ኤሲ ሲበላሽስ?

ፊኒክስ፣ ላስ ቬጋስ፣ ዳላስ ያላችሁ፣ እንዲሁም ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። ፊኒክስ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ሰመር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ለ31 ተከታታይ ቀን ከ110 ፋራናይት (43 ሴልሺየስ) አልወረደም። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤሲ ከቆመ ቤቱ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚግለው።

መጀመሪያ የማሞቂያ አምፖሉን አጥፉ። ክፍሉ ራሱ 30 ካለፈ ቢርድድ ድራጎን እንኳ ለጥቂት ቀን ያለ ማሞቂያ አምፖል ትኖራለች። ሳጥኑን ወለል ላይ አውርዱት፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ቤዝመንት ካላችሁ እዚያ አውርዱት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሲያስፈልግ በፎጣ ጠቅልላችሁ በቀዝቃዛው ወገን ከሳጥኑ ውጭ አስጠጉት። የሳጥኑን የወንፊት ክዳን ግማሹን ብቻ በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑ። ሙሉውን ከሸፈናችሁት አየሩ ታፍኖ ይብሳል። ውሃ መርጨት ለክሬስትድ ጌኮና ለእስስት ይረዳል፣ አየር የሚዘዋወር ከሆነ ብቻ። የታፈነ እርጥብ አየር ሙቀቱን ያከብደዋል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ አየር በሚያስገባ ትንሽ መያዣ አድርጋችሁ ኤሲ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት ውሰዷት።

የሚሞቅ ድንጋይ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ። ልግዛ?

አትግዙ። እነዚህ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ድንጋዮች አንድ ቦታቸው ብቻ ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። እንሽላሊት ደግሞ ከሥሯ የሚያቃጥላትን ቶሎ ለይታ ላትነሳ ትችላለች። ሆዷ ተቃጥሎ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ምንጣፍ ማሞቂያ ላይ ወፍራም አሸዋ መደልደልም አደጋ አለው፤ ቆፍራ ወርዳ ትተኛበታለች። አምፖሉ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ በሽቦ መከላከያ ይሸፈን፣ በተለይ ለሚዘሉና ለሚንጠላጠሉት።

ሳጥኗ ትንሽ ናት። ችግር አለው?

አለው። ጠባብ ሳጥን ውስጥ አንድ አምፖል ሁሉንም ቦታ እኩል ያግለዋል፣ ቀዝቃዛ ወገን የሚባል ነገር አይኖርም። ለአደገች ቢርድድ ድራጎን 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 60 ወርድ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ይኑር። መደበቂያው ሞቃቱ ጋ ብቻ ከሆነ፣ ለመደበቅና ለመቀዝቀዝ ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ እያስገደዳችኋት ነው። ውሃዋ በቀዝቃዛው ወገን ይቀመጥ።

ለአምስት ደቂቃ መኪና ውስጥ ብተዋትስ?

አይሆንም። ውጭው ደስ የሚል 21 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ የቆመ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት 40 ሊደርስ ይችላል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ጠብ የሚል ነገር አያመጣም። ከሱቅ ገዝታችኋት ስትመለሱ በመንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ አትጨምሩ። መኪናውን አስቀድማችሁ አቀዝቅዙት፣ መያዣዋን ፀሐይ በማይመታው ወንበር ላይ አድርጉ።

በአቅራቢያችን ያለው ሐኪም ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚያየው። ምን እናድርግ?

ይህን መፈለግ ያለባችሁ ዛሬ፣ ደህና እያለች ነው። ተሳቢ እንስሳት የሚያዩ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። ያላችሁበት ክሊኒክ ደውላችሁ «እንሽላሊት የሚያይ ማን ጋ ትልካላችሁ?» በሉ። አሜሪካ ያላችሁ የተሳቢና የአምፊቢያን እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በኢንተርኔት የሚሰጠውን የሐኪም መፈለጊያ ተጠቀሙ። ማታና እሁድ የሚከፍተው የትኛው እንደሆነም ጠይቁ። ስልኩን ሳጥኑ ላይ ለጥፉት፤ ልጁ በሌለበት አያትም እንዲያገኙት።

ስትደውሉ ዘሯን፣ ዕድሜዋን፣ ምን ያህል ጊዜ ሙቀቱ ውስጥ እንደቆየች ንገሩ። ከሳጥኑ ስታወጧት ቴርሞሜትሩ ስንት ይል እንደነበር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሳጥኑንም ሙሉ ፎቶ ጨምሩ፣ አምፖሉና ሽቦው የት እንዳሉ እንዲታይ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ፎቶዎቹ ብዙውን ይናገሩላችኋል።